ሦስት እርምጃ የማይጠጋው ሰውዬ

ሦስት እርምጃ ከሚራመድ ሦስት ዕቃ ቢገዛ የሚመርጥ ወንድ የሌለበት ሰፈር የለም። እኛ ጋ የለም የምትሉ ካላችሁ ሶፋችሁ ላይ ፈልጉት። እኔ የራሴን ያገባሁት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው።

የኔው ሰዓት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መስታወት ሰክቶ የሰዓት ጥርስ ሲቆጥር ስለሚውል፣ ከሥራ ሲወጣ ሩቅ ሩቁን ማየት ያምረዋል። ስለዚህ ካሜራ ገዛ። ከካሜራው በኋላ ክንድ የሚያህል ሌንስ መጣ። እሱም አላረካው መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ በጨርቅ የተጠቀለለች አጭር ቱቦ ታቅፎ ገባ። አስተቃቀፉን ያየ ሰው አራስ ልጅ የያዘ ነው የሚመስለው።

«ምንድን ናት?» አልኩት።

«ቴሌኮንቨርተር ናት። ካሜራውና ሌንሱ መሃል ትገባለች። ሩቁን እጥፍ አድርጋ ታቀርባለች።»

«ሩቁ ጋ ራስህ ብትሄድስ?»

አዘነልኝ። «ለምን እሄዳለሁ? እሱ ይመጣል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ ቃል የቤታችን መተዳደሪያ ደንብ ሆነች። ሰፈሩም «ክቡር አቅራቢ» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። እሳቸውም ሳይግደረደሩ ተቀበሉ።

ክቡርነታቸው ጎረቤት ጣሪያ ላይ የተኛች ድመት ለማንሣት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጁ። ድመቷ ከወጥ ቤታችን መስኮት እጅ ቢዘረጋ የምትዳሰስ ነበረች፤ እሳቸው ግን ከመኝታ ቤቱ ጥግ ተጣብቀው ነው የሚያነጣጥሩት። ልብስ ላሰጣ በመሃል ባለፍኩ ቁጥር «ፍሬም ውስጥ ገባሽ!» ብለው ይጮኻሉ። የእናታቸው የሰባ ዓመት ልደት ፎቶ ደግሞ ሲታተም አንድ ጥርስ ሆኖ ወጣ። አማቴ ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ በመጨረሻም «ምነው ልጄ፣ ልታስነቅለኝ ነው?» አሉት። ሌላ ቀን ጠዋት ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ካሜራውን ወደ ወጥ ቤት ደግኖ አገኘሁት። ምን እንደሚያይ ብጠይቀው፣ «ዳቦ አልቋል» ሲል ሪፖርት አደረገ።

ቱቦዋ ደግሞ ዝም ብላ አታገለግልም። ሩቁን ስታቀርብ ብርሃኑን ትበላለች፤ ከአራት እጅ ሦስቱን። ቤት ውስጥ የተነሣ ሰው ሁሉ ከሰል መጋዘን ውስጥ የተነሣ ይመስላል። ሌንሱም በዚያ ጨለማ ፊት ፈልጎ እስኪያገኝ ዝዝ፣ ዝዝ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንከራተታል። ሰው ፈገግ ብሎ፣ ፈገግታው አልቆ፣ መንጋጋው ደክሞት ኮስተር ሲል ነው ቀጭ የሚለው። አልበማችንን ያየ እንግዳ ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ለቅሶ ላይ የተነሣ ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። የልጃችን ምርቃት ሲደርስ ግን ለመንኩት። በነርስነት ልትመረቅ ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሱ ከስምንተኛ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከቤታችን ሰው እጅ ገብቶ አያውቅም። ልጄ በወረቀቷ የተነሣችው አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ ግድግዳዬ ላይ እንዲሰቀል እፈልጋለሁ።

«ትንሹን ሌንስ ያዝ፤ ተጠግተህ አንሣት» አልኩት። «ቱቦዋን ቤት ተዋት።»

«እሺ» አለ። ያኔ ነበር መጠርጠር።

አዳራሹ ውስጥ ወላጅ ሁሉ ስልኩን ይዞ መድረኩ ሥር ይጋፋል። የኔው ሰውዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ወንበር ላይ ቆሟል። ቦርሳውን በረበርኩት፤ ትንሹ ሌንስ የለም። ቱቦዋ ካሜራው ላይ ናት። እንዲያውም ታናሽ እህት አምጥቶላት ሁለቱን ደራርቦ ሰክቷቸዋል።

«አንተ ሰውዬ!»

«ዝም በይ፤ የጆሮ ጉትቻዋ ሳይቀር ነው የሚታየው።»

ስሟ ተጠራ። ልጄ ወጣች፣ ወረቀቱን ተቀበለች፣ የዲኑን እጅ ጨበጠች። ከኋላዬ ዝዝ ይላል። ወረደች። ዝዝ ይላል። ከእሷ ቀጥሎ የተጠራው ተመራቂ መድረኩ መሃል ሲደርስ ቀጭ አለ። ፎቶው ላይ ጥርት ያለ ጆሮ ወጥቷል። ጉትቻ የለበትም።

ሻርፔን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ በሩ አመራሁ። ጀርባዬን ስሰጠው ደግሞ እንደሚብስበት ያውቃል።

ውጪ ስንወጣ «ደጅ ላይ እንደገና እናነሣታለን፤ ብርሃንም አለ» አለ፣ ድምፁ ኮስሶ። ቱቦዎቹን ሊፈታ ታገለ፤ ተነካክሰው እምቢ አሉት። ያን ሁሉ ሰክቶ ደግሞ ከቅርብ ማንሣት አይቻልም፤ ልጅቷ ፊቱ ብትቆም የሚታየው የጋውኗ ስፌት ነው፣ እሱም ደብዝዞ። ስለዚህ የኋሊት መሄድ ጀመረ። ከግቢው ወጣ። መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ደጃፍ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩን ከነመቀሱ ገፋ አድርጎ መሬት ላይ ተንበረከከ።

ከዚያ ሆኖ የሚለው ለልጃችን አይሰማም። እኔ መንገዱ መሃል ያለው አካፋይ ላይ ቆሜ ቃል አቀባይ ሆንኩ።

«ፈገግ በይ በያት!» ይላል እሱ።

«ፈገግ በይ ይላል!»

«እንደዚያ አይደለም!»

«እንደዚያ አይደለም ይላል!»

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው በይው!» ትላለች ልጄ።

«ሰው እያየን ነው ትላለች!»

«እሱን ተዪውና፣ ወረቀቱን ገልብጣ ነው የያዘችው!»

ዞር ብዬ አየሁ። አጠገቧ የቆሙት ጓደኞቿ አላስተዋሉም፤ ራሷ አላስተዋለችም፤ እኔም ከዚያ ቦታ አይታየኝም። አንድ የታክሲ ሹፌር መኪናውን አቁሞ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «እቱ፣ ገልብጪው እየተባልሽ ነው!» አላት። ልጄ ወረቀቷን አየች፤ አቀናችው፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። ዝዝ፤ ቀጭ።

ተሻግሬ ፎቶውን አየሁት። ልጄ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ዓይኗ፣ ጉትቻዋ፣ ሁሉ ነገሯ ጥርት ብሏል። ወረቀቷ ላይ ስሟ ከነአባቷ ስም ይነበባል፤ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩት። ፀጉር አስተካካዩም አነበበው።

«ጥሩ ነው» አልኩ፣ እያመመኝ።

«አንቺም ሂጂ፣ አጠገቧ ቁሚ።»

ሄጄ ቆምኩ። አሁን መሃል ላይ ቃል የሚያቀብል የለም። ክቡርነታቸው ከማዶ ጥፍር አክለዋል። ከዚያ ርቀት መላጣው አይታይም፤ ያገባሁትን ልጅ ይመስላል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ አውቶቡስ በመሃላችን አለፈ፤ አውቶቡሱ ካለፈም በኋላ አፉ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገና ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

«አሁን ደግሞ ምን እያለ ነው?» አለች ልጄ።

«ሻርፕሽ ከትከሻሽ ተንሸራቷል እያለኝ ነው» አልኳትና ዳሰስኩት። እውነትም ተንሸራቷል።