ማዕረግ ያጸዱት አቶ ወንድይራድ

ትናንት ከምሳ በኋላ አቶ ወንድይራድ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጥሏቸው ሕልም አዩ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የሚወስዱትን የኮምፒውተር ሥልጠና ፈተና ካላለፉ ከሥራ ይሰናበታሉ ተብለዋል። ፈተናው ስሞች በእዝባር (/) ተለያይተው የተደረደሩበትን የተዝረከረከ የፋይል አድራሻ ማጽዳት ነበር። አንድ ነጥብ (.) «እዚሁ ቁም» ማለት ነውና ይጣላል፤ ሁለት ነጥብ (..) «ተመለስ» ማለት ነውና ከሱ በፊት ያለውን ስም ይዞ ይጠፋል። ጠዋቱን ሙሉ ቢታገሉ አልሆነላቸውም።

በሕልማቸው መሥሪያ ቤቱ ተገልብጧል። ባለጉዳዮቹ ወንበር ላይ ተንፈላሰው ሻይ ይጠጣሉ፤ ኃላፊዎቹ ደጅ ተሰልፈው ፀሐይ ያቃጥላቸዋል። በር ላይ አንዲት አህያ እየፈተሸች ታስገባለች። አቶ ወንድይራድ መቀስ ይዘው በዳኝነት ተሰይመዋል።

መጀመሪያ የገባችው የመምሪያ ኃላፊ ነበረች።

«ምን ሠራሽ?» አሏት።

«ሃያ ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ ነኝ። ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ።»

ነጥቦቿን እንደ ጤፍ ጠራርገው ደፉላት፤ ባዶ ወረቀቷን ታቅፋ ወጣች።

ቀጥሎ ዋና ዳይሬክተሩ በየወረቀቱ የተጻፈ፣ እንደ መቀነት የረዘመ ማዕረጉን ዘረጋ። «ክቡር፣ ሁለት ነጥብ፣ ዶክተር፣ ሁለት ነጥብ፣ የልማት አባት፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ...»

አቶ ወንድይራድ ወረቀቶቹን እንደ መዝገብ ደራረቡ፤ ሁለት ነጥብ በመጣ ቁጥር የላይኛውን አንስተው ጣሉ። ክብሩም፣ ዶክተርነቱም፣ አባትነቱም ሄደ። የቀረችው አንዲት እዝባር ብቻ ነበረች። ሰውየው እንደ ከዘራ ተደገፋት።

«ገና ሁለት ነጥብ ተርፎኛል» አለ እያለቀሰ።

«ከዚህ ወዲያ መመለሻ የለህም፤ ጨርሰሃል።»

ያኔ ነገሩ በራላቸው። መደራረብ፣ የላይኛውን ማንሳት! ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሥራ አይደል? «አገኘሁት!» ብለው ጮኸው ነቁ።

ክፍሉ ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፍተዋል። አሠልጣኟ ረድኤት ቦርሳዋን አንግታለች።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ። መብራት ሄዷል።»

«ፈተናውስ?»

«ከላይ ደውለው ሪፖርቱን ዛሬውኑ አሉ። ሁሉም አልፏል ብለን ላክን።»

«እኔ እኮ መልሱን አገኘሁት!»

ረድኤት በሩን እንደያዘች ዞር አለች።

«የምኑን?»