ለጋሽ ተኮላ መለዋወጫ ሲፈለግለት

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋሽ ተኮላ ሕልም አየ። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጋደም ስለሚል በቀን መተኛቱ አያስገርምም። የሚያስገርመው በዚያች ዕለት እንቅልፍ እሱን መውሰዱ ነው። አመሻሹ ላይ የጎረቤቱ የአብዱሰላም ልጅ ረምላ ልትዳር ነበር። ረምላ ደግሞ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «እኔ የምዳረው በጋሽ ተኮላ ፔጆ ነው» እያለች ነው ያደገችው። እናቷም የተዳረችው በዚያችው ሰማያዊ ፔጆ ነው።

ፔጆዋ ግን ደጁ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆማ ቀርታለች። ካርቡሬተሯ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነው ትንሽ መርፌ ተበልታ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ቤንዚን ይሞላና ይፈሳል፤ ከዚያ አንድ ሁለቴ ያስላትና ጸጥ ትላለች። ጋሽ ተኮላ ለዚያች መርፌ ሲል ድሬን አሰሰ፣ ሐረር ወጣ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ላከ። እዚያው ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ አንዱ ባለሱቅ ካርቡሬተሩን አገላብጦ አየና፣ «አቦ፣ ይኼንን እንኳ ሙዚየም ጠይቅ» አለው። በዚያች ቃል ጋሽ ተኮላ አንጀቱ ቆስሎ ቤቱ ገባ። ለረምላ ምን ብሎ እንደሚነግራት ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ምሳውንም በቅጡ ሳይበላ አልጋው ላይ ጋደም አለ። እንቅልፉ መጣ፤ ሕልሙም ተከትሎት ገባ።

ታይዋን ገበያ መሐል ጠረጴዛና ወንበር ቀርቦለት ተቀምጧል። ፊቱ የድሬ መለዋወጫ ነጋዴ በሙሉ ዕቃውን ታቅፎ ተሰልፏል። ሰልፉ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዶ እዚያም አላበቃም። ከሁሉ ፊት የቆመው ያው ባለሱቅ ነበር። በሁለት እጁ አዲስ መርፌ በጥጥ ጠቅልሎ ይዟል።

«ጋሼ፣ እባክህ ውሰድልኝ። ከንጋት ጀምሮ ነው የቆምኩት» አለ ባለሱቁ።

ጋሽ ተኮላ እጁን ሊዘረጋ አሰበ፤ አፉ ግን ቀደመው።

«ምሳ ሰዓት ነው። ነገ ና።»

«ነገማ በዓል ነው።»

«እንግዲያው ከበዓሉ በኋላ ና። ለመሆኑ ፎቶኮፒ ይዘሃል?»

«የምኑን?»

«የመርፌዋን ነዋ።»

ይኼን ሲል አንዳች ደስ የሚል ነገር ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ እስከ አናቱ ወጣ። ቢሮ የሚቀመጡ ሰዎች ለምን ጡረታ መውጣት እንደማይወዱ ያን ጊዜ ገባው። ባለሱቁ ግን አንገቱን ደፍቶ መርፌዋን እንደታቀፈ ሲመለስ አየውና ሆዱ ባባ። ጠርቶ ሊመልሰው ብድግ ሲል ጠረጴዛው፣ ሰልፉም መርፌዋም አብረው ጠፉ። ብቻውን አውራ ጎዳና ላይ ቆሞ ተገኘ።

በጎዳናው ላይ ተሳፋሪዎች ባጃጆቹን አዝለው ይሮጣሉ። አንዷ ባጃጅ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻ ላይ ሆና «ወራጅ አለ» አለች፤ ሰውዬው ዳር ይዞ አወረዳት። አደባባዩ ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ፍየል ትራፊክ ሆና ቆማለች። ጋሽ ተኮላን ስታይ ፊሽካዋን ነፋች።

«ሰው ብቻውን መንገድ ላይ እንደማይለቀቅ አታውቅም? የሚነዳህ ማነው?»

ጋሽ ተኮላ እውነቱን ተናገረ።

«ሚስቴ። አስካለ ትባላለች።»

«እሱንማ ከተማው ያውቀዋል። እኔ የጠየቅኩህ መኪናህን ነው።»

ወዲያው ሰማያዊዋ ፔጆ የእጅ ቦርሳዋን ጎን መስታወቷ ላይ አንጠልጥላ እያለከለከች ደረሰች። «የኔ ነው፤ ይቅርታ። ዞር ስል አምልጦኝ ነው» አለቻት ፍየሏን። እጁን ይዛ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ግራና ቀኝ እያሳየች መንገድ አሻገረችውና ጋራዥ ወሰደችው።

ጋራዡ ውስጥ የሚጠገነው ሰው ነው። ሹፌሮች አፋቸውን ከፍተው በተርታ ተጋድመዋል፤ መኪኖች ቱታ ለብሰው ጎንበስ ቀና ይላሉ። ዋናው መካኒክ አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪና ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሳቁ አልነሣ አለ» አለች ፔጆዋ። «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይሞክርና ቀጥ ይላል። ንዴት ደግሞ እየሞላ ይፈስበታል።»

ሽማግሌው ጆሮውን የጋሽ ተኮላ ደረት ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «ተበልቷል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«የዚህ ሞዴል ዕቃ አሁን አይሠራም። ምክሬን ከሰማሽ ለቆራሌው ስጪውና አዲስ ሹፌር አምጪ። አሁን የሚመጡት ቀላል ናቸው፤ ሽሮም አይፈልጉ።»

ጋሽ ተኮላ ተሽጦ ሊሄድ ነው። ፔጆዋን ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቀ።

«እሱ እኔን አልሸጠኝም» አለች ፔጆዋ። «ገዢ በመጣ ቁጥር መቶ ምክንያት ይፈጥር ነበር። ፀሐይ ሲበረታብኝ የራሱን ጋቢ ያለብሰኝ ነበር፤ አስካለ እንኳ ስንቴ ተቆጥታዋለች። ፈልጊ ካልከኝ እስከ ጅቡቲም ቢሆን እፈልጋለሁ። አልሰጥም።»

ጋሽ ተኮላ ለማንም ቢሆን አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ጋራዥ ወለል ላይ ግን ዓይኑ ሞላ። ሽማግሌውም ሳያዝን አልቀረም፤ መሳቢያዎቹን እየከፈተ ይበረብር ጀመር። «የኩርፊያ አለ። የቁጣ ሞልቷል። የሳቅ ግን የለም» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ያሰበ መስሎ ቆመ።

«ቆይ እስቲ፤ ተበልቷል ያልነው ምናልባት ተደፍኖ እንደሆነስ?»

አፉን ከጋሽ ተኮላ ቀኝ ጆሮ ገጠመና በኃይል እፍ አለበት። በግራ ጆሮው በኩል እንደ ጠጠር የደረቀች አንዲት ቃል ወጥታ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ፔጆዋ አንሥታ አነበበቻት፤ «ሙዚየም» ትላለች። ወዲያው የጋሽ ተኮላ ደረት አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ በሦስተኛው ሳቁ ተነሣ። ተነሥቶም አልቆመም፤ ሳይንተፋተፍ፣ ሳያጨስ፣ በዝግታ ይሄድ ጀመር። ተጋድመው የነበሩት ሹፌሮችም ሰምተው በተራ በተራ ይነሡ ጀመር፤ ጋራዡ በሳቅ ተናወጠ።

እየሳቀ ወደ ውጭ ሲወጣ ሰርጉ ደርሶ አገኘው። የከዚራ ሰፈር በሙሉ መኪና ነው፤ ትንንሾቹ እልል ይላሉ፣ ትልልቆቹ ያጨበጭባሉ። ጋሽ ተኮላ ግንባሩ ላይ ሪባን ታስሮለት በአራት እግሩ ቆሟል። ፔጆዋ ጀርባው ላይ ተቀምጣለች፤ ክብደቷ ከአንድ ጆንያ ጥጥ አይበልጥም። ከሷ በላይ፣ ጣራዋ ላይ፣ ረምላ በነጭ ልብሷ ተንፈላስሳለች። ዳገቱን ሽቅብ ይዘው ሲወጡ ላብም ድካምም አልነካውም።

«ጋሼ፣ ጡሩንባ» አለች ረምላ ከላይ።

ጋሽ ተኮላ ደረቱን በአየር ሞላ። «ጲጵ» አለ። «ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጲጲጵ።»

«ተኮላ። ኧረ አንተ ተኮላ» አስካለ ትከሻውን ይዛ ትንጠው ነበር። «ምን ሆነህ ነው ጲጵ የምትለው? ሰፈሩ ሁሉ ሰማህ።»

ቀና ብሎ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል፤ ሳቁ ገና አልለቀቀውም። ጥቂት ቆይቶ የት እንዳለ ሲያስታውስ ፊቱ ጠቆረ።

«ሰዓቱ ደረሰ አይደል? ለረምላ ምን ልበላት? መርፌዋ አልተገኘችም።»

«አንተ ስታንኮራፋ እኔ ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ሞተር ማን ጠየቀው፤ እኔ የጠየቅኩት ፔጆዋን ነው አለች። በል ሱሪህን ልበስና ውጣ፤ እየጠበቁህ ነው።»

ጋሽ ተኮላ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። ከኒሙ ሥር ፔጆዋ ታጥባ፣ በሪባን አሸብርቃ ቆማለች። ረምላ ከኋላ ወንበር ሆና እጇን ታውለበልብለታለች፤ ሴቶቹ እልልታውን አቅልጠውታል። ከፔጆዋ ፊት ወፍራም ገመድ ታስሯል፤ በገመዱ ጫፍ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለለት አንድ ረጅም ግመል የኒም ቅጠል እየቀነጠሰ ያመነዥካል። ግመሉን ይዞ የቆመው የረምላ አጎት ኡመር ነው፤ ለሰርጉ ከገጠር መጥቶ ነው። ጋሽ ተኮላ በር ከፍቶ መሪውን ሲጨብጥ፣ ኡመር ፊቱን ኮስተር አድርጎ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ጋሽ ተኮላ፣ ፍሬኗ ይሠራል?»

«ይሠራል። ምነው?»

«ግመሉ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው። ቁልቁለት ላይ ከኋላ እንዳትገጨው ፈርቷል።»