ንጉሥ የሌለበት ካርታ

በየሰፈሩ የልጇን ቦርሳ ሳትፈትሽ ውላ የማታድር አንዲት እናት አለች። የቤቴሏ የተከበሩ ወይዘሮ አልማዜ ግን የፈታሾች ሁሉ አለቃ ናቸው። ልጃቸው ሳያት ከትምህርት ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቦርሳዋ ይከፈታል። ማስቲካ ካልሲ ውስጥ ብትሸሽግ እንኳ ይገኛል። «ጌታ ያያል፤ እኔም አያለሁ!» ይላሉ። ከሁለቱ ሳያት ይበልጥ የምትፈራው እናቷን ነው።

የዚያን ቀን የተገኘው ግን ማስቲካ አልነበረም፤ ካርታ ነው።

«ቁማር! በኔ ቤት!»

«የሒሳብ ነው እማዬ፤ ከራዕይ ተውሼው ነው።»

ራዕይ የክፍል ጓደኛዋ ነች። ሳያት በሞዴል ፈተናው «ይሄ ካርታ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» የሚሉትን አምስቱንም ጥያቄዎች ስታለች። ቀመሩ ጠፍቷት አይደለም። ካርታ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ቀዩ ስንት፣ ልብ ያለበት ስንት እንደሆነ ከየት ታምጣው? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ወይዘሮ አልማዜ ጸለዩ፤ ከዚያም ፈረዱ። ቁጥር ያለባቸው ይቆዩ፤ የሰው ሥዕል ያለባቸው አሥራ ሁለቱ ይወገዱ።

«ዓይናቸው አላማረኝም» አሉ።

ሳያት በተረፉት አርባ ካርታዎች ማጥናት ጀመረች። ልብ ያለባቸው አሥር፤ ያው ከአራት አንድ ነው፣ አልተነካም። ቀይ ግማሽ፤ ይሄም ደህና። ንጉሥ ግን ዜሮ ሆነባት።

«እማዬ፣ ንጉሦቹን መልሺልኝ። ስንት እንደሆኑ ይጠይቁኛል።»

«ንጉሥ አንድ ነው! እሱም በሰማይ ነው!»

ሳያት ተናዳ ደብተሯን ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ካርታው ወፍሮ ጠበቃት። ብትቆጥረው ሃምሳ ሁለት። እንዲያውም ቀዩ ከቀዩ፣ ንጉሡ ከንጉሡ ጋር ተደርጎ በላስቲክ ታስሯል። እናቷ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

የመሄጃዋ ቀን፣ ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ፣ ወይዘሮ አልማዜ ቦርሳዋን ለመጨረሻ ጊዜ ፈተሹና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ንጉሥ ስንት ነው?»

«አንድ» አለች ሳያት አንገቷን ደፍታ፣ «በሰማይ።»

«እሱማ አንድ ነው! ለፈተናው ግን አራት በይ። ከሃምሳ ሁለት አራት፤ ሲቃለል ከአሥራ ሦስት አንድ።»

ሳያት አውቶቡሱ ላይ የወጣችው እየሳቀች ነው። አየር ጤና እስኪደርሱ ግን ዓይኗን ስትጠርግ ነበር።