ያዘኑልኝ ምሰሶዎች

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ መንገዱ ሲሮጥ እኔ ቆሜ አየሁ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ነኝ፤ ደብተሬ በእጄ፣ ፊሽካ በአንገቴ። በእውኑ ዓለም እዚያ መንገድ ላይ መቶ የመብራት ምሰሶ ቆጥሬ እየሮጥኩ እሄዳለሁ፣ መቶ ቆጥሬ እመለሳለሁ። አሠልጣኝ የለኝም፤ አልለመንኩምም። በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለውን ራሴ በርምጃ ለክቼ ሃምሳ ሜትር ብያለሁ፤ ደርሶ መልሱን "ዐሥር ኪሎ ሜትር" ብዬ ጽፌያለሁ። ዓምና አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ዘንድሮ ሠላሳ ሦስት ከሃምሳ። እሑድ የሩጫ ክለቡ በሚያደርገው ማጣሪያ ከሠላሳ አራት በታች የገባች ትመረጣለች።

በሕልሜ ግን ምሰሶዎቹ ከነሽቦአቸው ተነቅለው መጡ። ጫካ ውስጥ ልምምድ እንደሚሠሩ አትሌቶች አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ መቶውም በአንድ መሥመር። ምድሪቱ እንደ ከበሮ ተመታች። ሽቦው በላያቸው ይዘምራል። እንጨት ሩጫ እንዲያ ያምርበታል ብሎ ማን ነገረኝ? አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዘወትር የሚያባርሩኝ ውሾች ዳር ቆመው በፊት እግራቸው ያጨበጭባሉ።

"እሜቴ፣ እባክዎ መሥመሩን ይልቀቁ" አለኝ አንዱ ውሻ።

የመጀመሪያው ምሰሶ፣ ያ ጎባጣው፣ ፊቴ ቆሞ አለከለከ።

"ትርንጎ፣ ሰዓቴን ንገሪኝ።"

"ተሻሽለሃል። ትከሻህን ግን ታወዛውዛለህ።"

"አንቺስ ተሻሻልኩ ብለሽ ነው?"

"ደብተሬ ይናገራል!"

ምሰሶዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

"ባንነግርሽ በወደድን" አለ ጎባጣው። "ላብሽ ሲንቆረቆር እያየን አሳዘንሽን። በየሌሊቱ አንዳንድ ጋት ጠጋ ጠጋ ስንል ነው የከረምነው።"

"ማን እዘኑልኝ አላችሁ? የበሰበሰ እንጨት ሁላ!"

ቀና ብለው፣ ፀሐዩን እየጋረዱ፣ ኮረብታውን በአንድ ትንፋሽ ወጡት። ቁጣዬ ሁሉ ጠፋና ዕንባዬ መጣ። ተመለሱ ብዬ ፊሽካዬን ነፋሁ። የወጣው የመኪና ሞተር ድምፅ ነበር።

ነቃሁ። ሞተሩ ግን አልቆመም።

ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ክሬን ቆሟል፤ ጎባጣው ምሰሶ በሰንሰለት ታስሮ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ሠራተኛ ሜትር ይጠቀልላል።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"በኮንክሪት ልንተካቸው ነዋ። ዞር በይ እኅቴ፣ እንዳይወድቅብሽ።"

"በመካከላቸው ሃምሳ ሜትር ነው፣ አይደል?"

"ማነው ያለሽ?"

"ራሴ ነኝ የለካሁት። በርምጃ።"

እግሬን አየና ሳቀ። "አርባ ሁለት ነው። እስከ መጨረሻው አርባ ሁለት።"

"ሌሊት ሌሊት ተጠጋግተው እንዳይሆን?"

"ምሰሶው?"

ደብተሬ ላይ አባዛሁ፣ አካፈልኩ። ለእውነተኛው ዐሥር ኪሎ ሜትር አርባ ደቂቃ ከዐሥራ ሰባት ሴኮንድ።

"አዲሶቹንስ በስንት ነው የምትተክሏቸው?"

"በሃምሳ።"

"እንግዲያው ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ቶሎ በሉ፣ ልለማመድባቸው!" አልኩት። "ነገ እሑድ ነው።"