እመቤት አራቤላ የተቀበረችበት ዛፍ

(ጃማይካ፤ በሸንኮራ እርሻ መሐል ያለ የጥንት ጌቶች ትልቅ ቤት። ኤግበርት አስጎብኚ ለመሆን ዛሬ ይፈተናል፤ ከረባቱን ያጠብቃል። ቤቱን ሠላሳ ዓመት ያጸዱት ሚስ ኢቫድኒ ተንበርክከው ወለሉን በኮኮናት ቅርፊት ይፈትጋሉ።)

ኤግበርት፦ ቤቱን የሠራው ሰር ሆራስ ነው አልኩዎት እኮ!

ኢቫድኒ፦ በእጁ?

ኤግበርት፦ በእጁማ አይደለም።

ኢቫድኒ፦ እንግዲያው «አሠራ» በል። የሠሩትማ የእኛ ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ያውም በጅራፍ።

ኤግበርት፦ የቤቱ ታሪክ መጽሐፍ «ሠራ» ነው የሚለው። ፈታኙ ደግሞ ደራሲው ዶክተር ፊንች ራሳቸው ናቸው። ሁለቴ ጥለውኛል። ዛሬ ከመጽሐፉ አንዲት ቃል ብስት፣ ወደብ ወርጄ ሙዝ ልሸከም ነው።

ኢቫድኒ፦ ሙዝ ምን አደረገህ?

ኤግበርት፦ ይተዉኝ! አሁን እርስዎ ቱሪስት ነዎት። ዝም ብለው ያዳምጡ።

ኢቫድኒ፦ ቱሪስት ዝም ይላል እንዴ?

ኤግበርት፦ (ድምፁን አወፍሮ) «ክቡራን እንግዶች! በዚህ ቤት አራቤላ የምትባል፣ እንደ ወተት የነጣች እመቤት ትኖር ነበር።»

ኢቫድኒ፦ (ቀና ብለው) አራቤላ? አንድ ጆሮዋ የተቀደደው?

ኤግበርት፦ ጆሮ መጽሐፉ ላይ የለም። «ጨካኙ ባሏ በገመድ ያስራት ነበር።»

ኢቫድኒ፦ ምን ያድርግ? ጽጌረዳውን ጨረሰችው እኮ።

ኤግበርት፦ «ጽጌረዳ ትወድ ነበር» ነው የሚለው!

ኢቫድኒ፦ በጣም። ከነእሾሁ።

ኤግበርት፦ (ጥርሱን ነክሶ) «ማታ ማታ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ታለቅስ ነበር።»

ኢቫድኒ፦ ሳትታለብ ሲመሽባትስ?

ኤግበርት፦ ምን አሉኝ?

ኢቫድኒ፦ ፍየል ሳትታለብ ከመሸባት ትጮሃለች።

ኤግበርት፦ የምን ፍየል? እኔ የማወራው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለሞተች እመቤት ነው!

ኢቫድኒ፦ ምን ሁለት መቶ! እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ከዚሁ ሰገነት ዘላ። የአጎቴ ፍየል ነበረች፤ የምታልባት እናቴ። ዶክተርህ ያኔ ቀጭን ጎረምሳ ነው። እናቴ «ወይኔ አራቤላ!» እያለች ስታለቅስ፣ የቤቱን ታሪክ ሊሰበስብ ደረሰና ደብተሩን አወጣ። «መልኳስ?» አላት፤ «ነጭ» አለችው። «ማን ነበር የሚያስራት?» አላት፤ «ባለቤቷ» አለችው። ሄዶ «ባሏ» ብሎ ጻፈ።

ኤግበርት፦ (ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል) እኔ እኮ ስለሷ ሳነብ አልቅሻለሁ።

ኢቫድኒ፦ ደግ አደረግህ። ጥሩ ወተት ነበራት።

(ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።)

ኤግበርት፦ (ዘሎ ይነሣል) መጡ! ሚስ ኢቫድኒ፣ አሁን ምን ልበል?

ኢቫድኒ፦ መጽሐፉ ያለውን በል፤ ታልፋለህ። መቃብሯን ብቻ ዝለለው።

ኤግበርት፦ እንዴት አድርጌ! «ከማንጎው ዛፍ ሥር በክብር ተቀበረች» ይላል። ዶክተሩ በየዓመቱ አበባ ያኖሩላታል!

ኢቫድኒ፦ እሱን እናቴ ናት ያለችው፤ እውነቱን መናገር አፍራ።

ኤግበርት፦ ምን ያሳፍራል?

ኢቫድኒ፦ የት እንደተቀበረች የጠየቃት ምሳ ላይ ነዋ። ሁለተኛ ሳህን አስጨምሮ፣ አጥንቷን እየጋጠ።