አቶ ለምን እና የዳሩ ቁራጭ

በየቤተሰቡ ስጋ የተወ አንድ ሰው አይታጣም። ይህ ሰው ግን ብቻውን አይወለድም። ስጋ በተወባት ደቂቃ፣ ከገበታው ማዶ መንትያው አብሮት ይወለዳል፤ ለምን እንደተወ ካላወቀ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። የመጀመሪያው ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለተኛው የሰው ሳህን ሲመረምር የራሱ ምግብ ይቀዘቅዝበታል።

የዚህ ወግ ባለቤት ሁለተኛው ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ ነገር ግን ከሚስቱ ጀምሮ እስከ ሥራ ባልደረቦቹ ሁሉም «አቶ ለምን» ስለሚሉት፣ እሱም አቤት ስለሚል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ፣ አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሰም እያቀለጠ፣ ጄሶ እያቦካ፣ ገና ማንንም ነክሰው የማያውቁ ጥርሶች ከመደርደሪያው ላይ ሲስቁበት ይውላል።

«እኔ ለማወቅ ያህል ነው» ይላል ወንበሩን ጠጋ እያደረገ። ይህችን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ኮቱን መፈለግ ይጀምራል። የማያውቅ ይቀመጣል፤ ጥያቄውም ይወርድበታል። «ስጋ ተውክ፤ ጥሩ። ጎመን ብላ፣ ካሮት ብላ፣ ማን ከለከለህ? ስጋ የሚመስል ነገር ፍለጋ ምን አንከራተተህ? ወይ ብላ ወይ ተው!»

አንድ ቀን ምሳ ቤት ውስጥ፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ ጥብስ የሚበላ የማያውቀው ጎረምሳ አየና ሳህኑን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ጎረምሳው ነገሩ ገብቶት ወደ መስኮቱ ዳር ተዛወረ። አቶ ለምንም ተከተለው። ጎረምሳው ምግቡን አስጠቅልሎ ሲወጣ፣ ክቡርነቱ በሩ ድረስ ሸኘው፤ «ለማወቅ ያህል እኮ ነው፣ ልጄ!» እያለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ የአንዲት ደንበኛ የጥርስ ልክ ሊያነሳ አፏን በለስላሳ ሊጥ መሰል ነገር ሞልቶት ሳለ፣ አቶ ለምን የጥርሷን ቀለም ሊያመሳክር ገባ። ስጋ እንደማትበላ ከሐኪሙ ሰምቷል። ጥያቄውን አቀረበ። ሴትዮዋ አፏ እንደተሞላ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «አዩ» አለ ለሐኪሙ፣ «መልስ የላቸውም።»

ታናሽ እህቱ መሥሪያ ቤት በተደረገ ግብዣ ላይ ግን ራሱ ፈተና ወደቀ። ከሳህን አንድ ቁራጭ አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከና በባለሙያ ኩራት ፈረደ፦ «ይሄ ባቄላ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ሰው ስጋ በልቶ ካደገ አይታለልም።» የሥራ ባልደረባዋ በትህትና፣ «ጌታዬ፣ እሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የበሬ ስጋ ነው» አለችው። አቶ ለምን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ሚስቱ ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እንደ ልደት ቀን ታስበዋለች።

ጥያቄው ከሁሉ በላይ የሚወርድባት ይህችው ታናሽ እህቱ ናት። መጽሐፍ ጠራዥ ናት፤ ክፍሏ ሙጫ ሙጫ፣ አሮጌ ወረቀት አሮጌ ወረቀት ይላል። ስጋ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። እሷ የስንዴ ሊጥ በውሃ ታጥባለች፤ ነጩ ፈሶ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ሲቀርላት፣ ከእንጉዳይና ከባቄላ ጋር ትለውሰዋለች፣ በቀይ ሥር ታቀላዋለች፣ ኦቨን ውስጥ ታበስለዋለች። ወንድሟ ለዚህ ሁሉ ድካም አንድ ምክንያት እንድትሰጠው ሲለምናት ኖሯል።

«የተውኩት መግደሉን ነው እንጂ ጣዕሙን ማን ጠላ?» ትለዋለች። «ልቤ ለበሬው አዘነ። ምላሴን ግን ማንም አላማከራት።»

መልሱ ሙሉ መልስ ነው። ብዙዎች በዚህ ይረኩ ነበር። አቶ ለምን ግን አልረካም፤ ለምን እንዳልረካ ራሱን ብቻ ጠይቆ አያውቅም።

አባታቸው ሉካንዳ ነበራቸው። አቶ ለምን ከሰዓት በኋላ፣ ሰሙ ቀስ እያለ ሲቀልጥና ፀሐይዋ በጠባቧ መስኮት ገብታ ጄሶው ላይ ስትተኛ፣ ዓይኑ ሳይከደን ያንን ቤት ያያል። ነጭ የግድግዳ ንጣፍ፣ መሬቱ ላይ የተበተነ ሰጋቱራ፣ በሩ ሲከፈት የምታቃጭል ደወል። ሁለት ልጆች ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው የተጠቀለለ ፎጣ በገመድ ያስራሉ። ሳይከተፍ በሙሉው የሚጠበስ ሙዳ ሲበስል እንዳይበታተን እንዴት እንደሚታሰር አባታቸው ያስተማሯቸው በፎጣ ነው። ገመዱ ዞሮ፣ በራሱ ሥር አልፎ፣ ጠበቅ ብሎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። የእሱ ፎጣ ሁልጊዜ ይፈታበታል። የእሷ፣ ግራኝ ናትና ሁሉም ቋጠሮ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። አባታቸው ፎጣዋን አንስተው ለደንበኛ ያሳዩ ነበር።

እሁድ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ አባታቸው ገበታው ራስ ላይ ቆመው፣ ራሳቸው ያሰሩትን ጥብስ በራሳቸው ቢላ ይቆርጣሉ። የዚያ ቤት ሕግ ነው፤ ቢላውን የያዘ ገመዱንም ያስራል። እያንዳንዱ ሰው ድርሻው የታወቀ ነው። ጠርዙ፣ እሳት የበዛበት፣ ጠቆር ብሎ የሚንኮሻኮሸው የትንሿ ልጅ ነው። ቁራጩን በቢላው ጎን ላይ አስተኝተው እስከ ሳህኗ ያደርሱና፣ «ዳሩ የባለ ጥርስ ነው» ይሏታል። ልጅ ሳለችም፣ ካገባች በኋላም፣ እናታቸው ከሞቱ በኋላም እንዲሁ።

ስጋ ስትተው አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር። ቢላው ብቻ፣ ተራዋ ሲደርስ ወደ ሳህኗ መጥቶ፣ አየር ላይ ትንሽ ይቆምና፣ ቤት እንደተሳሳተ እንግዳ ይመለሳል። ዳሩ መክተፊያው ላይ ይቀራል። ማንም አያነሳውም። እሷ ከቤቷ በሳህን ይዛ የመጣችውን፣ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ያኔ ነው ወንድሟ፣ «እኔ ለማወቅ ያህል ነው» ብሎ የሚጀምረው።

አንድ ሐሙስ አቶ ለምን እህቱን ሊጠይቅ ጥረዛ ክፍሏ ሄደ። ወሬ ይዟል።

«አንዲት ትልቅ ሴት መጣችልኝ» አለ ወረቀት መጫኛው ላይ ክርኑን አስደግፎ። «ሙሉ ጥርስ ሠራሁላት። እንደ ዕንቁ የተደረደረ! መስታወት አይታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ፍንጭቴስ? አለችኝ። ፊት ለፊት ፍንጭት ነበረኝ፤ ፍንጭቴን መልስልኝ አለችኝ። እንደገና እየሠራሁላት ነው።»

«‹ለምን?› አላልካትም?»

«ምኑን?»

«ያው ያንተን ጥያቄ ነዋ! እውነተኛው ጥርስ ከሄደ ሄደ። የሚመስል ነገር ፍለጋ፣ ያውም ከነክፍተቱ፣ ምን አንከራተተሽ? አላልካትም?»

«እሱማ ምን ይጠየቃል!» አለ ቆጣ ብሎ። «ያለ ፍንጭቷ ብትስቅ ባሏ ማን መጣ ይላል።»

እህቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳቀችና መርፌዋን አነሳች።

«ሌላም አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባባ እሁድ ቢላውን ሊሰጡኝ ነው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አስቸገራቸው። የመጨረሻዬ ነው አሉ።»

መርፌዋ ወረቀቱ ውስጥ እንደገባ ቆመ።

«ከእጃቸው ድርሻዬን ሳልቀበል ነው የሚያስቀምጡት?»

«ማን ከለከለሽ? አትበይማ!»

«እሱን አላልኩም» አለች። መርፌዋን ስባ አወጣች፤ ክሩንም አጠበቀች።

እሁድ ቀኑ ብሩህ ነበር። መጋረጃው በነፋሱ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ቤቱ የተኛ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። አባት ጥብሱን ይዘው ገቡ። አቶ ለምን ገመዱን ሲያይ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ቋጠሮዎቹ ላልተዋል፤ አንዱ ጭራሽ ተፈትቶ ስጋው በዚያ በኩል ተንዘላዝሏል። ማንም እንዳላየ ሆነ።

እህቱ ከወጥ ቤት መጣች። በእጇ ሌላ ሳህን አለ። በሳህኑ ላይ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር የታሰረ ሙዳ የሚመስል ነገር ተጋድሟል። ለራሷ አላስቀመጠችውም። ወስዳ አባቷ ፊት፣ ከእውነተኛው ጎን አኖረችው።

አቶ ለምን አፉን ከፈተ። «እኔ ለማወቅ ያ...»

ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

አዛውንቱ ሳህኑን አዩ። «ይሄ ምንድነው?»

«ስንዴና ባቄላ ነው፣ አባባ። እንጉዳይም አለበት።»

«የኔ ቢላ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነፍስ ያልነበረው ነገር ቆርጦ አያውቅም።»

እህቱ ሳህኑን አላነሳችም። እሷም አልተቀመጠችም። አባቷ ቢላውን ወደ እውነተኛው ጥብስ ሊያዞሩ ሲሉ ግን ዓይናቸው ክሩ ላይ ወደቀ። ጣታቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ነኩ። ከዚያ ሁለተኛውን። ማየት የተሳነው ሰው የልጁን ፊት እንደሚዳብስ፣ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

«ወደ ግራ» አሉ ለራሳቸው። «ዛሬም ወደ ግራ ነው የምትቋጥሪው።»

ቢላው አየር ላይ ቆመ። ያ የቆየ ቦታው ነው፤ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚመለሰው። አቶ ለምን ቢላውን አየ፣ የእህቱን ባዶ ሳህን አየ። ሰጋቱራው ሸተተው። ደወሏ ከሩቅ፣ ከዘመን ማዶ ስታቃጭል የሰማ መሰለው። አንዲት ትንሽ ልጅ ፎጣዋን ወደ ላይ አንስታ፣ አባቷ እስኪያዩላት ስትጠብቅ ታየችው። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ባቄላ የጠየቀ መስሎት ነበር።

«አባባ!» አለ ድምፁ ሳይታዘዘው ወጥቶ። «ፍንጭቷን ይመልሱላት!»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ምኗን?» አሉ አባቱ።

«ድርሻዋን» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ዳሩን ማለቴ ነው። ይቁረጡላት።»

ከእህቱ በቀር ምን እንዳለ የገባው አልነበረም። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አዛውንቱ ክሩን በጥንቃቄ ከጫፉ ገፋ አድርገው ቢላውን አሳረፉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቢላው ግን መንገዱን ያውቃል። ዳሩ፣ ጠቆር ያለው፣ ተንኮሻኩሾ ተለየ። በቢላው ጎን ላይ አስተኙት። ከመክተፊያው እስከ ሳህኗ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ሸኘው።

«ዳሩ የባለ ጥርስ ነው» አሉ።

በላች። እሳቸውም ቢላው ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ በጣታቸው አንስተው ቀመሱ። ብዙ አኘኩ። የሉካንዳ ሰው ናቸውና ፍርዱን ቤቱ ሁሉ ጠበቀ።

«ስጋ አይደለም» አሉ። ከዚያ፣ ትንሽ ቆይተው፣ «ጨው ጎድሎታል።»

በዚያ ቤት ጨው ጎደለው የተባለ ነገር ከምግብ ተቆጠረ ማለት ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ከእውነተኛው ከቆረጡ በኋላ፣ ቢላውን በጨርቅ ጠርገው እጀታውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ቢላውን የያዘ ገመዱንም ያስራል» አሉት። «ያንተ ፎጣ ደግሞ ይፈታ ነበር።»

በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ጄሶው ላይ በተኛችበት ሰዓት፣ አቶ ለምን የትልቋን ሴትዮ ጥርስ በቀጭን ሞረድ ይሞርድ ነበር። ፍንጭቷን ትንሽ አሰፋ፤ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየና ገና ትንሽ አሰፋት። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ለእህቱ ደወለ።

«እኔ ለማወቅ ያህል ነው» አለ።

«ጀመረህ ደግሞ።»

«ክሩ የምንድነው?»

«የጥረዛ ክር ነው። ከተልባ ልጥ የተፈተለ ነው፤ እሳት ይችላል።»

«ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ። ቋጠሮውን እንደገና አሳዪኝ።» ሞረዱን አስቀመጠ። «ለሁለቱም። የስጋውንም ያንቺንም እኔ ነኝ የማስረው።»

«የኔን እኔ አስሬ አመጣው የለ?» አለች እህቱ። «አንተ ለምን?»

በሕይወቱ ሁሉ ያችን ቃል ለሰው ሲያድል የኖረው ሰው፣ አሁን ለራሱ ስትደርሰው ምን እንደሚያደርግባት ጠፋው። በእጁ ያለው ጥርስ በፍንጭቱ ይስቅበታል።

«ፎጣም ይዘሽ ነይ» አለ በመጨረሻ።