ለጸጉሬ የተተከለው ድንኳን

የሴት ልጅ ጸጉር የማን ነው? «የራሷ ነዋ» ካላችሁ እሪ በከንቱ ኖራችሁ አታውቁም ማለት ነው። እኛ ሰፈር ጸጉር እንደ ቦኖ ውሃ የጋራ ነው። የበቀለው በእኔ ራስ ላይ ይሁን እንጂ ስለ አበጣጠሩ፣ ስለ ወዙና ስለ ወደፊት ዕጣው የሚወስነው ሰፈሩ ነው። እኔ ተሸካሚ ነኝ።

ከሰፈሩም በላይ ደግሞ እትዬ በላይነሽ አሉ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ የእድራችንም ሰብሳቢ ናቸው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በራፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ጸጉሬን ለጋ ቅቤ ሲቀቡኝና ሹሩባ ሲሠሩኝ ኖረዋል። ሙሉ እባላለሁ፤ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ያለ እኔ ፊርማ አንዲት ፋይል ከመደርደሪያዋ ንቅንቅ አትልም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እትዬ በላይነሽ ራሴን በጉልበታቸው መሐል ይዘው «አትነቃነቂ» ይሉኛል፤ አልነቃነቅም። ጸጉሬ ወገቤ ይደርስ ነበር። ባል ደግሞ የለኝም። ሰፈሩ ሁለቱን ጉዳዮች ለያይቶ አያነሳቸውም፤ «ሙሉ ትዳር ባይቀናት ጸጉር ቀንቷታል» ይላል። ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጣጣው የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ከግቢያችን መጨረሻ ባለችው ቤት የምትኖረው ገነት አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ልጇ ሜላት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ያያት የለም፤ ጉንፋን ጠንቶባት ነው ሲባል ነበር። ጉንፋን አልነበረም። ጸጉሯ ረግፎ አልቋል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እያለ ሳሳ፣ ከዚያ እፍኝ እፍኙ ትራስ ላይ ቀረ፣ በሁለት ወር ውስጥ ራሷ ባዶ ሆነ። ሐኪሙ የገዛ ሰውነቷ ጸጉሯን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ነው የሚያረግፈው፣ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏታል።

እስቲ ይህን ለሰፈራችን አስረዱ። «አይተላለፍም» የምትለዋን ቃል ሳትጨርሱ «ቆረቆር ነው» ተብሎ ያለቀለት ጉዳይ ይሆናል። እናቶች ልጆቻቸውን እጅ እጃቸውን ይዘው ይሸሻሉ። እትዬ በላይነሽ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ ልጆቹ አንዴ ሻሿን ገፈዋታል። ሜላት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉር ካላበቀልኩ መስከረም ትምህርት ቤት አልገባም ብላ ቤት ቁጭ ብላለች።

ገነት ስትጠይቅ ከርማ አራት ኪሎ አካባቢ ጸጉራቸው በሕመም ለረገፈ ሕፃናት በነፃ ዊግ የሚሰፉ ሴትዮ አግኝታለች። ሴትዮዋ ግን ሰዎች የሰጧቸው ጸጉር ለብዙ ልጆች በወረፋ ነው የሚደርሰው፤ ለሜላት ቶሎ እንዲደርስ ከተፈለገ ሰጪ ይዛችሁ ኑ ብለዋታል። የገነት የራሷ ቀለም የተነከረ ስለሆነ አልሆነም።

«ጸጉርሽን ስጪኝ» አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ ምክንያት የማጣ ሰው አልነበርኩም። ዝም ብላ ጸጉሬን አየችው፤ ወዲያው ደግሞ እንዳፈረች ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። እንዲህ ያለውን አስተያየት ሰው ምን ብሎ እምቢ ይለዋል? እሺ አልኩ። የደነገጥኩት ካልኩ በኋላ ነው። ገነት እቅፍ አድርጋ አለቀሰችና ዕንባዋን ሳትጠርግ በጊዮርጊስ አስማለችኝ፤ ማንም ሰው፣ በተለይ እትዬ በላይነሽ፣ የልጇን ነገር እንዳይሰማ። እኔም ማልኩ። ከጸጉሩና ከመሐላው ከባዱ ጸጉሩ መስሎኝ ነበር።

የሴትዮዋ ቅድመ ሁኔታ የቪዛ ያህል ነው። ቀለም ያልነካው፣ በመድኃኒት ያልተለሰለሰ፣ ቢያንስ ሁለት ወር ቅቤ ያላየ መሆን አለበት፤ ቅቤ የገባበት ጸጉር ስፌት ላይ ይሾልካል አሉ። እትዬ በላይነሽን ቅቤ ሐኪም ከልክሎኛል አልኳቸው። መብላቱን ነው መቀባቱን ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱንም አልኩ። ሃይማኖቴን የቀየርኩ ያህል አዩኝና ቅቤውን ከድነው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ኪሎ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጸጉሬን በትንንሹ ጎንጉነው፣ ላዩንና ጫፉን በላስቲክ አስረው፣ እየሳቡ በሜትር ለኩት። ለትልቅ ሰው አይበቃም፣ ለልጅ ራስ ግን ይሆናል፣ የጎደለውን ከሌላ ሰው እሞላዋለሁ አሉ። ከዚያ ትንሽ ላስቀርልሽ ወይስ ከሥሩ ልቁረጠው ብለው ጠየቁኝ። ከሥሩ ከሆነ ለልጅቷ ትከሻዋን አልፎ ይወርድላታል። ጀግንነት ያዘኝና ከሥሩ አልኩ። መቀሱ ሲጀምር ጀግንነቱ ለቀቀኝ። ለጸጉር የሚለቀስ አይመስለኝም ነበር፤ ይለቀሳል። ሃያ ዓመት ከኋላዬ የነበረ ነገር ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሳየው አፍንጫዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

ራሴ ላይ የቀረው እዚህ ጎበጥ እዚያ ሰርጎድ ያለ ነገር ነበር። በታክሲ ፒያሳ ወርጄ አንድ የወንዶች ጸጉር ቤት ገባሁና አስተካክልልኝ አልኩት። ልጁ ዓይኔን አየ፤ ራሴን አየ፤ ሬዲዮኑን ዘጋ። አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ በማሽኑ ጥርግ አድርጎ ላጨኝ። ልከፍለው ስል እጄን መልሶ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። የጸጉር ዋጋ የሚያውቀው ባለሙያው ነው ብዬ በጣም አመሰገንኩት።

ወጣ ስል ዝናቡ ወረደ። የሐምሌን ዝናብ በተላጨ ራስ ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? አንጎል ላይ ነው የሚዘንበው። ሱቅ በረንዳ ላይ ሻሽ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ፤ ከሚያብረቀርቁትና ባለ አበባ ከሆኑት መሐል ለእኔ ዕድሜ የሚሆን አንድ ብቻ ነበረው፤ ጥቁር። ገዝቼ ጥፍር አድርጌ አሰርኩትና ወደ ቤቴ ቁልቁል ወረድኩ።

እንግዲህ ፍረዱ። የተላጨ ራስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ያበጠ ዓይን። እሪ በከንቱ ውስጥ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ትርጉማቸው አንድ ብቻ ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ሌላ ሴት እንዲህ ሆና በፊቴ ብታልፍ ነጠላዬን አዘቅዝቄ የምከተላት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ስለ ራሴ ግን አልታየኝም። የታየኝ ብርዱ ብቻ ነው።

እትዬ በላይነሽ የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ሲያዩኝ የያዙት ጆግ ከእጃቸው ወደቀ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ማን ሞተ የሚል አልነበረም።

«ማነው ያረዳሽ?» አሉኝ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ጎረቤት ደጋፊ ሆኖ ይቆማል። እኔ ግን በእሳቸው ግምት ይህን ሁሉ ዘልዬ፣ በእኩለ ቀን፣ ለብቻዬ፣ ተላጭቼ ጭምር ጨርሼ መጥቻለሁ። ብቻሽን፣ መንገድ ላይ፣ እኛ ሳንኖር እያሉ ደረታቸውን መቱ። ያዘኑት ለሟቹ ይሁን ለሥርዓቱ አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን እስከ ሦስተኛው ግቢ ተሰማ።

ማንም አልሞተም አልኩ። ደንግጣ ነው ተባለ። እውነቴን ነው ማንም አልሞተም አልኩ። አልወጣላትም፣ ውሃ ስጧት ተባለ። እኔ ባስተባበልኩ ቁጥር ሐዘኔ እየከበደ ሄደ። በመጨረሻ እትዬ በላይነሽ ታዲያ ለምን ተላጨሽ ብለው ጠየቁኝ። ከግቢው መጨረሻ ገነት በሯን ገርበብ አድርጋ ቆማ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቅልኛለች። ከቀሚሷ ኋላ የሜላት የሱፍ ኮፍያ ይታየኛል። «ዝም ብዬ» አልኩ። ዝም ብላ የምትላጭ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱም አያውቁም።

ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ከተበተነ ወዲህ እድራችን ሥራ ፈትቶ ከርሟል። ድንኳኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከተተከለ ዓመት ሊሞላው ነበር። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ቆመ፣ አግዳሚ ተደረደረ፣ ንፍሮ ተጣደ። ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡ የድሮ ጎረቤቶቼ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ማን እንደሞተ ከእኔ የጠየቀ የለም። ለቅሶ ቤት መጠየቅ ነውር ነው፤ አለማወቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ሁሉም ያለቅስና ሲቀመጥ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ማን ነው ግን ይላል፤ የተጠየቀውም አንገቱን ደፍቶ ያው እሱ ነው እንጂ ይላል። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ገነት ናት። የእሷ የእውነት ነበር፤ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው ተብላ ተመሰገነች።

ለአጎቴ ለጋሼ ታደሰ፣ ለእናቴ ወንድም፣ በስልክ «ቶሎ ድረሱ» ብቻ ተብሎ ኖሮ ከጉለሌ መጡ። ከበሩ ጀምረው ወንድሜን ወንድሜን እያሉ ገቡ። ወንድም የላቸውም። አቅፈውኝ እያለቀሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ማነው የኔ ልጅ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

ለቅሷቸውን አላቋረጡም። ትንሽ አስበው «እንግዲያው ዝም በይ፤ ሰው ፊት አልቅሻለሁ» አሉኝ።

ይህን ጊዜ እትዬ በላይነሽ የእድሩን መዝገብ ይዘው መጡ። ድንኳን የሚያድረው ለእናት፣ ለአባት፣ ለባል፣ ለልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ነው፤ የሟች ስምና ዝምድና መጻፍ አለበት። እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው ፊቴ ቆሙ። ድንኳኑ በሙሉ አንገቱን አሰገገ፤ ሁሉም ማወቅ ይፈልግ ነበራ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት በሁሉም በግኜ ነበር፤ በእትዬ በላይነሽ፣ በእድሩ፣ በገነት፣ ከሁሉም በላይ እሺ ባለችው ምላሴ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ድንኳኑም ይነቀላል፣ እኔም እመሰገናለሁ። አፌን ከፈትኩ። በገነት መስኮት መጋረጃው ገለጥ ብሎ ኮፍያው ብቅ አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ቁጭ ብላ ስታይ ነው የዋለችው። መስከረምን አሰብኩና አፌን ዘጋሁ።

ያዳኑኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የአባቷ አክስት የልጅ ልጅ ነው፣ አሰላ ይኖር ነበር ብለው እዚያው ፈጥረው እዚያው ገደሉት። እትዬ በላይነሽ ጽፈው ሲያበቁ እርሳሳቸው ቆመ። መተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። ለአክስት የልጅ ልጅ ድንኳን የለም። ድንኳኑ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነቀለ፤ ንፍሮው ግን ተበላ። አንድ ሽማግሌ ሲወጡ የአሰላውን በደንብ አውቀው ነበር፣ ደግ ሰው ነበር አሉ።

በዚህ ያበቃ መስሏችኋል? ለአክስት የልጅ ልጅ የሚላጭ ሰው የለም። ስለዚህ ሰፈሩ ሲመረምር ሰንብቶ ደረሰበት፤ ለካ ሙሉ ሳታገባ የቀረችው በአሰላው ሰውዬ ነው። ስንት ዓመት ምክንያቱ ሲፈለግ የኖረ ጉዳይ በአንድ ቅዳሜ ተፈታ። ሴቶቹ በአዘኔታ ያዩኝ ጀመር። እትዬ በላይነሽ አኩርፈውኝ የነበረውን ረስተው፣ ጳጉሜ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አርባውን አታወጪለትም ወይ ብለው መከሩኝ። ላልተወለደ ሰው ተዝካር ማለት ነው። ጥርሴን ነክሼ አስብበታለሁ አልኳቸው።

መስከረም ገባ። ትምህርት የተከፈተ ቀን ጠዋት ከእትዬ በላይነሽ ጋር በራፋቸው ላይ ቆመን ሳለ የገነት በር ተከፈተና ሜላት ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። ሹሩባ ተሠርታለች፤ ጫፉ ትከሻዋን አልፎ ይወዛወዛል። መጀመሪያ በዝግታ ተራመደች፤ ግቢው መሐል ስትደርስ መሮጥ ጀመረች። በአጠገቤ ስታልፍ ሹሩባዋን በእጇ ነካ አደረገችውና ሳቀችልኝ። የገዛ ጸጉሬን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ በጣም ደስ አለኝ።

እትዬ በላይነሽ ከበሽታዋ ለተነሣች ልጅ ጸጉሯ እንዲህ መፋፋቱ ገርሟቸው እስክትጠፋ ድረስ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ገና ብቅ ብቅ ያለውን ራሴን በሐዘን ተመለከቱት።

«ጸጉር ማለት ይኼ ነው። ያንቺም ደህና ነበር፤ ይኼን ግን አያህልም» አሉኝ። «ቅቤ የጠገበ መሆኑ ያስታውቃል። ይኼን ጸጉር ያሳደገ እጅ ይባረክ።»

እጃቸውን አየሁት። አሜን አልኩ።